ሰቆጣና የቴሌቪዥን አንጋፋዎች

በየመሥሪያ ቤታችን የሰቆጣ ስም በተነሣ ቍጥር አብሮት የሚነሣ አንድ ሰነድ አለ። ይኸውም መንግሥት በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ የሰየመው፥ ዕድሜያቸው ሁለት ዓመት ያልሞላ ሕፃናት እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ከመቀንጨር እንዲድኑ የገባው ውል ነው። ውሉ የተቀደሰ ውል ነው፤ የሚነቅፈው ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን የአንድ አገር ስም በመዝገብ ላይ ሲሰፍር ዘወትር ከችግሩ ጋር ብቻ የሚሰፍር የሆነ እንደ ሆነ፥ መዝገቡን የሚያገላብጠው ሠራተኛ ሳያውቀው አገሩንና ችግሩን አንድ አድርጎ መቍጠር ይጀምራል። የዛሬው ንግግሬ ይህን ልማድ በመጠኑ ለማረም የታሰበ ነው። መንገዴም የምወዳቸውን የቀድሞዎቹን የመድረክና የቴሌቪዥን ተዋንያንና ደራስያን ማመስገን ይሆናል። «ሰቆጣንና ቴአትርን ምን አገናኛቸው?» የሚል አድማጭ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ ዘንድ እለምነዋለሁ።

ሰቆጣ ከላስታ በስተሰሜን፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ናት። በአገሩ አማርኛም ይነገራል፤ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ኽምጣኛም ይነገራል። ከከተማይቱ ብዙም ሳይርቅ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። የአገሩ ገዦች «ዋግ ሹም» ይባሉ ነበር። ትውፊቱ እንደሚተርከው፥ ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. መንግሥቱን ከዛጔ ነገሥታት እጅ በተረከቡ ጊዜ፥ ለቀደሙት ነገሥታት ዘር የዋግ ሹመት ከነክብሩ ተተወለት፤ ዋግ ሹሙም በንጉሡ ዘንድ በብር ወንበር የመቀመጥ መብት ነበረው። በየዓመቱም ነሐሴ 16 ቀን የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፥ የአገሩ ልጃገረዶች የሻደይን ቅጠል በወገባቸው አሥረው፥ ከበሮ እየመቱ፥ ተቀባብለው እየዘፈኑ በየደጁ ይዞራሉ። እንግዲህ ሥነ ሥርዓት፥ ዜማ፥ አልባሳት፥ ተመልካችም በዚህ አገር ቀድሞውንም ነበሩ ማለት ነው። መድረኩ የሣር ሜዳ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ ልመለስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፥ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት ነው። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ውስጥ ሆኖ፥ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም ያገኘው ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ በ1977 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚታየውም በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ የወሎ ጠቅላይ ግዛት አንድ አውራጃ የነበረው ዋግ ይህን አዲስ መሣሪያ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ታሪክ ግን አንዳንድ ጊዜ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ የወሎ ደጋ ቴሌቪዥንን ሳያይ፥ ቴሌቪዥን የወሎን ደጋ አየ።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ረኃብ በመታው ጊዜ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ይኸው ፊልም፥ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀላቅሎ፥ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንዲታይ ተደረገ። በማግሥቱ፥ መስከረም 2 ቀን፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ፥ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፥ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ያነሣውና እንግሊዛዊው ማይክል በርክ ያተተው የኮረም ዜና በቢ.ቢ.ሲ. ታየ። ኮረም ከዋግ ደጋዎች በስተምሥራቅ ያለች ከተማ ስትሆን፥ ከዋግና ከአጎራባቹ አውራጃዎች እህል ፍለጋ የተሰደደው ሕዝብ የተጠለለባት ነበረች። ያ ሥዕል የዓለምን ልብ ነካ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በለንደንና በፊላደልፊያ ታላላቅ የሙዚቃ ድግሶች ተዘጋጁ፤ ገንዘብም ተሰበሰበ፤ ብዙ ነፍስም ዳነ። ይህን ውለታ መካድ ነውር ነው።

የሆነ ሆኖ ያ ካሜራ የሠራው ሌላም ሥራ አለ። የደጋውን ገበሬ በሕይወቱ እጅግ በተዋረደበት ቀን አግኝቶ፥ ስሙን ሳይጠይቀው፥ ቋንቋውን ሳይሰማው፥ ፊቱን ለዓለም አሳየ። ሰውዬው ከዚያ ቀን በፊት አጫዋች እንደ ነበረ፥ በሙግት ችሎት ዳኛን ያስደነቀ ነገር ዐዋቂ እንደ ነበረ፥ ወይም ቅኔ የቈጠረ ደብተራ እንደ ነበረ ሥዕሉ አይናገርም። በቴሌቪዥን መስኮት በኩል ሰውን የሚያይ ሁለት ዓይነት ዓይን አለና፤ አንደኛው የሰውን ችግር ያያል፤ ሁለተኛው ሰውየው ምን እንዳለ ያዳምጣል። ሁለተኛውን ዓይን የሰጡን ተዋንያንና ደራስያን ናቸው። እኔም ከወዳጆቻቸው አንዱ በመሆኔ ውለታቸውን ከዚህ አንጻር ለመናገር እወዳለሁ።

የቴሌቪዥናችን ሰዎች ከሜዳ የተለቀሙ አልነበሩም፤ ከቴአትር ቤት የመጡ ነበሩ። ቴአትሩም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። ወደ 1913 ዓ.ም. ገደማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአውሬዎች ተረት አስመስለው የሹማምንቱን ብልሹ አሠራር የሚነቅፍ ኮመድያ ጻፉ፤ ኮመድያውም ተከለከለ። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተመረቀ። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት በድምፅ አጣጣልና በአቋቋም የሠለጠኑ ተዋንያን ተዘጋጅተው ይጠብቁት ነበር።

ከነዚህ ሁሉ አስቀድሜ የማነሣቸው ተስፋዬ ሣህሉን ነው፤ አገሩ ሁሉ «አባባ ተስፋዬ» ብሎ የሚጠራቸውን። በ1915 ዓ.ም. በባሌ ተወለዱ። ሴቶች ወደ መድረክ በማይወጡበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው የሴትን ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር፤ በኮርያ ጦርነት ጊዜም ለዘመተው ሠራዊታችን ትርኢት ለማሳየት እስከዚያ ድረስ ተጉዘዋል። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት የሕፃናትን ክፍል ተረክበው ከ40 ዓመት በላይ ተረት አወሩ። ብልሃታቸው ቀላል ነበረ፤ ለልጅ ሲናገሩ ድምፃቸውን አያሳንሱም፤ ልጁን እንደ ሙሉ ሰው ቈጥረው ሰላምታ ያቀርቡለት ነበር። በ1957 ዓ.ም. በፊታቸው የተቀመጠው ሕፃን አድጎ የራሱን ልጅ በፊታቸው አስቀምጧል። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የለቀሰላቸው ከአንድ ትውልድ የበለጠ ነበር። በደጋ ቤት ምድጃ ዳር አያት ለልጅ ልጅ የምታወራውን ተረት ወደ ከተማው መስኮት ያወጡት እኒህ ሰው ናቸው። ለዚህም ነው አባባ ተስፋዬ ለገጠር ሰው እንግዳ የማይሆኑት፤ ጥበባቸው ቀድሞውንም የርሱ ነበረና።

ቴሌቪዥን ያልደረሰበትን ደጋ የደረሰለት ራዲዮ ነው። በራዲዮም ዘመን ወጋየሁ ንጋቱን የሚስተካከል ድምፅ አላውቅም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርኩ፥ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ የመጽሐፉ ባለቤት ሆነ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ነበር፤ ነገር ግን መጽሐፍ ፊደልና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ትረካ የሚፈልገው ጆሮ ብቻ ነው። ወጋየሁ ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆኑ ድምፃቸው ይከብዳል፤ ጉዱ ካሣን ሲሆኑ ደግሞ የምሬትና የቀልድ ቅልቅል በውስጡ ይሰማል፤ ሰብለ ወንጌልን ሲሆኑ ሴት ለመምሰል ሳይጥሩ የሴትየዋን ኀዘን ያሰማሉ። አንድ ሰው ብቻውን አንድ ሙሉ ቀበሌ ሆኖ ሲናገር መስማት ማለት ይህ ነው። የድርሰቱም ሰዎች በጎጃም ደጋ የሚኖሩ ገባሮችና ባላባቶች፥ ቄሶችና ደብተሮች ናቸው፤ በዋግ ደጋም ያሉት እነዚሁ ናቸው። ግብር የከበደው የዋግ ገበሬ ያን ታሪክ ሲሰማ የሰማው የጎረቤቱን ጉዳይ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ገበሬውን ሲጽፉት ለማዘን ብቻ አልጻፉትም፤ እንዲከራከር፥ እንዲያምፅ፥ እንዲስቅም አድርገው ጻፉት።

ሣቅ ካነሣሁ ዘንድ መንግሥቱ ለማን ሳላነሣ ባልፍ ወቀሳ ይገባኛል። በእንግሊዝ አገር ተምረው፥ በሕንድ አገር በዲፕሎማትነት አገልግለው ሲመለሱ «ያላቻ ጋብቻ»ንና «ጠልፎ በኪሴ»ን አበረከቱልን። የመጀመሪያው ኮመድያ የተማረው ጎልማሳ የቤት ሠራተኛይቱን ለማግባት ሲነሣ ዘር ቈጣሪይቱ አክስቱ የሚደርስባትን ጭንቅ ያሳያል፤ ሁለተኛው የጠለፋ ጋብቻን ልማድ ያሾፍበታል። የመንግሥቱ ለማ ብልሃት አሮጌውን ልማድ ሲነቅፉ አዲሱን የተማረ ሰው ከነቀፋው ነፃ አለማውጣታቸው ነው። ከዩኒቨርሲቲ የወጣው ጎረምሳ መጽሐፍ እየጠቀሰ ሲንጠባረር ሣቁ በርሱም ላይ ይወርዳል። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ወደ አውራጃ ስንወርድ አገሬውን ለማስተማር ብቻ የምንወርድ በሚመስለን ጊዜ እነዚህን ሁለት ቴአትሮች ደግሞ ማየት ለጤና ይበጃል።

ከሴቶቹ ተዋንያን አስናቀች ወርቁን አስቀድማለሁ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ከታዩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ተዋንያን አንዷ ነበሩ፤ ክራራቸውን አንሥተው ሲዘፍኑ ደግሞ የሚወዳደራቸው ጥቂት ነበር። በፈረንሳይ አገር የሚታተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ከጥራዞቹ አንዱን ለብቻቸው ሰጥቷቸዋል። በዘመናቸው መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት ስሟ ይነሣ ነበር፤ «አዝማሪ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ይወረወርባት ነበር። አስናቀች ከስድቡ አልሸሹም፤ ክራሩን እንደ ያዙ በክብር አረጁ። መስከረም 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ያን ስድብ የሚደፍር ሰው አልተገኘም። በሻደይ ቀን ከበሮ የምትመታ የሰቆጣ ልጃገረድና በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ክራር የምትገርፈው አርቲስት የአንድ ሙያ እኅትማማቾች መሆናቸውን ያሳወቁን እሳቸው ናቸው።

በመጨረሻም ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን። በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ በተባለች ስፍራ ተወለዱ፤ ሼክስፒርን ወደ አማርኛ መለሱ፤ ገና ሠላሳ ዓመት ገደማ ሳሉ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሽልማት ድርጅት ሽልማት ተቀበሉ፤ በየካቲት ወር 1998 ዓ.ም. በኒውዮርክ አርፈው አስከሬናቸው በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በተባለው ሥራቸው፥ ፋሺስቶች በሐምሌ 1928 ዓ.ም. የረሸኗቸውን ጳጳስ ዳግመኛ በፊታችን አቆሙልን። ከዚህ ሥራ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ጠላት የሰውን ሞት ማስፈራሪያ ሊያደርገው ይችላል፤ ደራሲ ግን ያንኑ ሞት ንግግር ያደርገዋል።

ጸጋዬ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስም ጽፈዋል፤ ከርሳቸው አስቀድሞም ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ጽፈዋል። ቴዎድሮስ በመድረካችን ላይ ኢትዮጵያን አንድ ለማድረግ ተነሥተው በመቅደላ በገዛ እጃቸው የወደቁ ጀግና ናቸው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ያንኑ ታሪክ ከሰቆጣ ሆኖ የሚያይ ሰው ሌላ ገጽ ያገኝበታል። ዋግ ሹም ገብረ መድኅንን በስቅላት ያስገደሉት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ልጃቸው ዋግ ሹም ጎበዜ ሸፈቱ፤ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላም «ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ» ተብለው ነገሡ። የነገሡትም ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ሚስታቸው ድንቅነሽ ምርጫ የትግራዩ ገዥ የካሣ ምርጫ እኅት ነበሩ። ካሣ ለእንግሊዝ ጦር መንገድ በመስጠታቸው መድፍና ጠመንጃ አግኝተው ነበርና፥ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ በአሰም በተደረገው ጦርነት በቍጥር የሚበልጠውን የተክለ ጊዮርጊስን ሠራዊት ድል አደረጉ። ተክለ ጊዮርጊስ ተማርከው በእስር ሞቱ፤ ካሣም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ።

እስቲ ይህን ታሪክ በቴአትር ዓይን እንመልከተው። አባቱ የተሰቀለበት ልጅ አለ፤ የተበቀለውን ሳይበቀል ጠላቱ በገዛ እጁ የሞተበት ልጅ፤ ዘውድ አለ፤ በባልና በወንድም መካከል የቆመች ሴት አለች። ወንድሟ ቢያሸንፍ ባሏን ታጣለች፤ ባሏ ቢያሸንፍ ወንድሟን። ሼክስፒር ከዚህ የተሻለ ነገር ለማግኘት ባሕር መሻገር ነበረበት። ከዚህም ቀርቦ ሌላ አለ፤ የዋግ ሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1929 ዓ.ም. የተቀጣጠለውን የላስታና የዋግ ዐመፅ መርተው በመስከረም 1930 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ወደቁ፤ ራሳቸው ተቈርጦ ሕዝቡ እንዲፈራ ለዕይታ ተሰቀለ። ለአቡነ ጴጥሮስ ጸጋዬ ተነሡላቸው። የዋግ ጀግኖችም እንዲህ ያለ ብዕር፥ እንዲህ ያለ ተዋናይ ይገባቸዋል። የደጋው ፊት በቴሌቪዥን መስኮት ሁለት ጊዜ በረኃብ ምክንያት ከታየ፥ ሦስተኛ ጊዜ በታሪኩ ምክንያት እንዲታይ መመኘት ከመጠን ያለፈ ምኞት አይደለም።

ይህ እንዲሆን ግን አስቀድሞ የቀደሙት ሥራ መጠበቅ አለበት። አዲስ ደራሲ የሚማረው ከአሮጌው ነውና። የቴፕ ክር ለዘለዓለም አይኖርም፤ ሙቀት ያደርቀዋል፤ እርጥበት ያሻግተዋል፤ የሚያጫውተው መሣሪያ ራሱ ከገበያ ይጠፋል። በሀብት ከኛ የሚበልጠው የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. እንኳ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙ ድራማዎቹን ከቴፕ ላይ አጥፍቶ በላያቸው ሌላ ቀድቶባቸዋል፤ ዛሬ የጠፉትን ሲፈልግ ይኖራል። ቴፑን የሚደመስሰው ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ዕቃ ለመቈጠብ የታዘዘ ትጉህ ሠራተኛ ነው። ለዚህም ነው ነገሩ እኛን የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን የሚመለከተን። በየዕቃ ግምጃ ቤታችን «አገልግሎቱን የጨረሰ ንብረት» ተብሎ በዝርዝር ወረቀት ላይ ከሚፈረምበት ሣጥን ውስጥ፥ የወጋየሁ ድምፅ ወይም የአስናቀች ክራር ሊኖር ይችላል። ከመፈረም በፊት ሣጥኑን ከፍቶ ማየት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ በመጀመሪያ ያነሣሁት የሰቆጣ ቃል ኪዳን ሕፃኑ እንዲያድግ የገባ ቃል ኪዳን ነው። ያደገው ሕፃን ግን ምን ይሰማል? በማን ተረት ይስቃል? የአያቶቹን ታሪክ በማን አንደበት ይማራል? እንጀራው የመጀመሪያው ዕዳችን ነው፤ ይህ ደግሞ ሁለተኛው። አባባ ተስፋዬ፥ ወጋየሁ፥ ሐዲስ፥ መንግሥቱ፥ አስናቀችና ጸጋዬ ሁለተኛውን ዕዳ በየድርሻቸው ከፍለው ሄደዋል። ነገ ጠዋት በጠረጴዛችን ላይ የሰቆጣ ስም የተጻፈበት መዝገብ ሲቀርብልን፥ ከመዝገቡ በስተጀርባ የተራበ ሰው ብቻ ሳይሆን የሚናገር ሰው መኖሩን ካስታወስን፥ እነዚያ ሰዎች በመድረክ ላይ የደከሙት ድካም ከንቱ አልቀረም ማለት ነው።